የውሸት መምህር በምክክር ላይ

ሰኞ

በታላቅ ሐዘን የሚነገር ዜና ነው፤ የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁ አንድ ነገር ያዙ። ለብዙ ዘመን ሲከበርና ሲፈራ፣ ጠመኔ ጨብጦ ሲኖር የነበረው የመምህርነት ሙያ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሐኪም አልደረሰለትም። ለሞቱ ምክንያት የሆንኩት እኔ ነኝ። መምህር ሆኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊመደብ ነው። ባለሙያዎቹ ተምረው የጨረሱ ናቸው። ልጅ ማነጋገር ያውቁበታል። የልጁን መምህር ማነጋገር ግን አያውቁበትም አሉ። ስለዚህ ከክፍል መምህር ጋር እንዴት እንደሚመካከሩ የሚሠለጥኑበት አዳራሽ ተከራዩላቸው። ለልምምዱ ደግሞ የሚመካከሩት መምህር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ እውነተኛ መምህራን ተጋብዘው ነበር። አንደኛው ወንበሩ ሲመቸው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ሁለተኛዋ፣ "እስቲ እናንተ መጥታችሁ አንድ ቀን አስተምሩልኝና ከዚያ እንመካከራለን" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እኔ ለአዳራሹ ወንበር ላወርድ የመጣሁ ሰው ነኝ። "ይሄኛውን ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፤ የሥነ ልቦና ችግር አለበት፣ ሲቀመጡበት ይጮኻል" ስል አሰልጣኟ ሰማችኝ። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

"መምህር ሆነህ መጫወት ትችላለህ?"

"ምን ላስተምር?"

"ምንም አታስተምርም። ታማርራለህ።"

"እሱንስ ተክኜበታለሁ።"

ስንተኛ ክፍል እንዳቆምኩ አልጠየቀችኝም። እኔም ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው አይደለሁም። (ስምንተኛ ነው።)

ያው ሰኞ፣ አመሻሽ

እቤታችን የምር መምህርት አለች፣ ታላቅ እህቴ። ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። እትዬ እላታለሁ፤ ስትቆጣ ደግሞ "የተከበሩ እትዬ"። ዜናውን ስነግራት የያዘችውን ሳህን ልትጥለው ነበር።

"አንተ? አንተ መምህር?"

"የሥራ ባልደረባሽ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ በይኝ።"

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ፣ "ታዲያ ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ አስገባ" አለችኝ። ሌላ አስተያየት አልነበራትም።

እትዬ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች። ሰሞኑን እቃ ማጠብ ወዳለች። ይህን ያህል ውሃ የሚያስፈልገው ምን ዓይነት ሳህን እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ

ሠልጣኞቹ ብዙ ናቸው፤ ለእኔ የደረሱኝ ሦስት። ለእነሱ የምር መምህር ነው ተብዬ ነው የቀረብኩት። ስማቸውን አልያዝኩም፤ የራሴን አወጣሁላቸው።

አቶ ይገባኛል፦ ገና አፌን ሳልከፍት ይገባዋል። "እንደምን አደሩ" ስለው ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ይገባኛል፣ ከባድ ነው" አለኝ።

ወይዘሮ ልጅነትህ፦ እኔ የምነግራት ስለ ተማሪዬ፣ እሷ የምትጠይቀኝ ስለ አባቴ።

ሦስተኛዋ ከሁሉም ታንሳለች፤ ቀለል ያለች ልጅ ናት። ብዙ አታወራም። ሰው ሲያወራ ትሰማና "ከዚያስ?" ትላለች። እኔም ወይዘሪት ከዚያስ ብያታለሁ።

አሰልጣኟ ሕጉን አወጀች። "የምታነጋግሩት መምህር ታካሚያችሁ አይደለም፤ የሥራ ባልደረባችሁ ነው። ክፍሉን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ምክር አትስጡት። ጠይቁት፣ አብራችሁ አስቡ።" ምክር የሰጠ ወይም መምህሩን በሽተኛ ያስመሰለ ሲገኝ በእስክሪብቶዋ የውሃ ብርጭቆዋን ትመታለች። ቅንንን። ቀኑን ሙሉ ቅንንን ሲል ዋለ፤ ሠርግ ቤት ይመስል።

የእኔ ችግር የነበረው እንደ አውራ ዶሮ የሚጮህ ተማሪ ነው። ወይዘሮ ልጅነትህ ወንበሯን አስጠጋች።

"ሲጮህ አንተ ውስጥ ምን ይፈጠራል?"

"ነጋ እንዴ እላለሁ።"

"ስታድግ እቤታችሁ ዶሮ ነበር?"

"ነበረ።"

"ምን ሆነ?"

"በላነው።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ነግረውህ ነበር?" አለችኝ ቀስ ብላ። ቅንንን! አሰልጣኟ ብርጭቆውን ልትሰብረው ምንም አልቀራት።

ሐሙስ

ትናንት ጠዋት ሦስት ተማሪ ነበረኝ፤ ከሰዓት ሁለት መቶ ሆኑ። አቶ ይገባኛል ሁለቱም ገባው። ዛሬ ክፍሌ ጣሪያ ላይ ፍየል ወጣች አልኩ። ፍየሏ ለምን እንደወጣች አንድ ሰዓት ተመካከርን።

አሰልጣኟ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

"ትስቃለህ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች በሚቀጥለው ወር እውነተኛ መምህር ፊት ይቀመጣሉ። አንድ ክፍል ያዝ፣ አንድ ልጅ ያዝ፣ አትቀያይርብን። አትችልም ካልክ ወንበርህን አውርድ።"

እችላለሁ አልኳት። ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም። የፈጠራ ችሎታዬ በፍየሏ አልቋል።

ዓርብ፣ በችኮላ

ተገኘ! ልጁ ተገኘ! እራት ላይ እትዬ ስለ አንድ ተማሪዋ አማረረች። ሁልጊዜም ታማርራለች፤ እኔ ነኝ ሰምቻት የማላውቅ። ልጁን ከበሮ ብላዋለች። ዴስኩን ይደበድባል። በቀኝ እጁ ይጀምራል፣ ግራው ይከተላል፣ ከዚያ እግሩ ይገባበታል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ፈልገው የማያገኙት ልጅ ነው። ሰኞ ሸሚዜን አስገብቼ እበርራለሁ።

ሰኞ

ከበሮን ይዤ ገባሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዴስክ ይደበድባል አልኩ።

አቶ ይገባኛል፣ "ይገባኛል። እውነተኛ ከበሮ ግዛለት፣ ጉልበቱን እዚያ ይጨርስ።" ቅንንን። "ማለቴ፣ ከበሮ ብትገዛለት አንተ ምን ይሰማሃል?" ቅንንን።

ወይዘሮ ልጅነትህ፣ "አንተን ልጅ ሳለህ ማን ነበር የሚደበድብህ?" ቅንንን።

ወይዘሪት ከዚያስ ግን፣ "መቼ ነው የሚጀምረው?" አለች።

"ሁልጊዜ!"

"ጠዋት ልክ እንደገባችሁም?"

ተያዝኩ። ማን ያውቃል? "መምህር ሁሉን አያስታውስም" አልኳት።

"እሺ፤ ነገ አይተህ ትነግረኛለህ።"

አይተህ አለችኝ! የት ሄጄ ልይ?

ሰኞ፣ ከእራት በፊት

"እትዬ፣ ያ ከበሮ መቼ ነው የሚጀምረው?"

"ሁልጊዜ ነዋ!"

"ጠዋት ልክ እንደገባችሁም?"

"አንተን ምን አገባህ?" አለች። ከዚያ የጎመን ቅጠል እንደያዘች ቆመች። "አይ... ጠዋት እንኳን ደህና ነው።"

"ሂሳብ ላይስ?"

"ሂሳብ ላይም ደህና ነው። ኧረ እንዲያውም ፈጣን ነው። ንባብ ላይ ነው የሚያብድብኝ።"

እናቴ ከሳሎን፣ "እነዚህ ልጆች ምን ነክቷቸዋል? ሳይሰዳደቡ እያወሩ ነው" አለች።

ሐሙስ

በዚህ ሳምንት ሥራዬ ተላላኪነት ሆኗል። ቀን ወይዘሪት ከዚያስ ትጠይቀኛለች፣ አላውቅም። ማታ እትዬን እጠይቃለሁ፣ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ከዚያ ታስባለች። በማግስቱ መልሱን እንደራሴ አድርጌ አወራለሁ። እትዬ አሁን እኔ ሳልጠይቃት ራሷ መጀመር ይዛለች። "ዛሬ ልብ ብዬ አየሁት፤ ንባብ ሲጀመር ዝም ብሎ ጣቱን መጽሐፉ ላይ አድርጎ ይከተላል። የሚጀምረው መጨረሻ አካባቢ ነው።" ቧንቧውንም ሦስት ቀን አልከፈተችም። የውሃ ዋጋ ሰምታ መሆን አለበት።

ትናንት ማታ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ዳይሬክተሩ ከበር ላይ ቆሞ፣ "ይህ ክፍል ነው ወይስ ሠርግ ቤት?" ብሏታል። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው። በዚያ ቀን ክፍሉ እንደዚህ ከሆነ ለሌላ መምህር ይሰጠዋል፣ እሷን መጽሐፍ መጋዘን ያስገባታል፣ ከበሮንም ወላጁን ጠርቶ ያሰናብተዋል።

"መጋዘን ምን አለው? ዝምታ ነው" አልኳት።

"አዎ። ዝምታ ነው" አለች፤ እኔ እንዳልኩት አድርጋ ግን አልነበረም።

ንባቡ እንዴት እንደሚሄድም ጠየቅኋት፤ የወይዘሪት ከዚያስ የዕለቱ ጥያቄ ነው። "እንዴት ይሄዳል? እንደሁሉም ቦታ። በር ዳር ካለው ዴስክ እጀምራለሁ፣ አንድ በአንድ እየተነሱ ያነባሉ፣ ደወል ይደወላል።"

"እሱስ የት ነው የሚቀመጠው?"

"መስኮት ዳር፣ መጨረሻ።"

"እኔም እዚያ ነበርኩ። አየሩ ጥሩ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ወጥ ያለ መስሎኝ ጠረግሁ።

ሰኞ

ዛሬ ጥንዶቹ ተቀያየሩ። ወይዘሪት ከዚያስ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች፤ እኔ በሠልጣኙ ሁሉ ፊት ለወይዘሮ ልጅነትህ ተሰጠሁ። የመስኮቱን ነገር ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት። እሷ ግን፣ "አንተስ? ወደ ቤትህ ስትገባ ምን ትሆናለህ?" ብላ እጄን ያዘችኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። ምን ላድርግ፣ አዳራሹ ሞልቷል፣ ዝም ብሏል፣ እንዲህ ያለ ዝምታ ዕድሜዬን ሙሉ አግኝቼ አላውቅም።

"ወጥ ቤት እገባለሁ" አልኩ። "ቧንቧውን እከፍታለሁ። እናቴ እንዳትሰማኝ። ከዚያ አለቅሳለሁ።"

ይህን ከየት እንዳመጣሁት እኔም እንጃ፤ ዝም ብሎ መጣልኝ። ድምፄንም ትንሽ አንቀጠቀጥኩት። አሰልጣኟ ብርጭቆዋን ረሳችው። አቶ ይገባኛል መሐረብ አወጣ። ከዚያ ጭብጨባው! ከኋላ ያሉት ተነስተው ነው ያጨበጨቡት።

ወይዘሪት ከዚያስ ብቻ አላጨበጨበችም። ስወጣ በሩ ላይ፣ "ይህኛው ከአንተ አይመስልም" አለችኝ።

"ቅናት ነው" አልኳት።



ረቡዕ

አለቀልኝ።

የልምምድ ምደባ ተለጠፈ። ሠልጣኞቹ የፊታችን ሰኞ እውነተኛ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አቶ ይገባኛል የእትዬ ትምህርት ቤት ደርሶታል። የእትዬ ክፍል። ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም ያው ነው።

ሐሙስ

መላ መታሁ። "ያ ልጅ አገር ለቀቀ" አልኳቸው፤ "አባቱ ሥራ ተቀይሮ ሄዱ። ክፍሉ ሰላም ሆኗል። እርሱት።" ይረሱታል ብዬ ነው። አቶ ይገባኛል ግን ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፣ ጨበጠኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። "አየህ? ምክክሩ ሠራ!" የመጀመሪያው የተሳካ ጉዳይ ተብሎ ለሪፖርቱ ተመዘገበ። ልጁ ስለሄደ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ይህ ለካ ስኬት ነው። ዳይሬክተሩም እኮ ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ እሱም ሳያውቅ የሥነ ልቦና ሰው ነው።

ማታ ለእትዬ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ ሰኞ አመመኝ ብለሽ ቅሪ ልላት አሰብኩ። ከዚያ፣ "ሰኞ ምን አለሽ?" አልኳት።

"አንድ ባለሙያ ሊያማክረኝ ይመጣል። አልፈልግም ነበር። ግን ሰሞኑን ካንተ ጋር ሳወራ... እስቲ ልሞክረው።"

ሸሚዜን አስወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ። ሳልነግራት ተኛሁ።

ሰኞ

እትዬና አቶ ይገባኛል ሲመካከሩ ዳይሬክተሩም አብሯቸው ተቀምጦ ነበር።

እትዬ እንደነገረችኝ ሳይሆን ለእናቴ ስትነግራት እንደሰማሁት ነው የምጽፈው። እኔንማ ምንም አልነገረችኝም። "ዴስክ የሚደበድብ ተማሪ አለኝ" ብላ ጀመረች። ሰውየው፣ "ይገባኛል። በቀኝ እጁ ይጀምራል፣ ግራው ይከተላል፣ ከዚያ እግሩ?" አላት። ደነገጠች። "ማን ነገረህ?" ስትለው ደስ ብሎት፣ "አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም! አንድ መምህር አለ፣ ልክ እንዳንቺ። ወጥ ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፍቶ የሚያለቅስ። ሲናገር አዳራሹ በሙሉ ነው ያጨበጨበለት" አላት። ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞሮ አየ። እሷም ፊቷን መደበቂያ አጣች። ዳይሬክተሩ ሲወጣ፣ "መጋዘኑ ለጤናሽም ይሻልሻል፤ ዓርብ ሱፐርቫይዘሩ ይይና እንወስናለን" ብሏታል።

ስትገባ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ።

"ቧንቧ ከፍቼ የማለቅሰውን ለስንት ሰው ነገርከው?"

"እትዬ፣ እኔ አንቺን አላልኩም፤ ያለቀስኩት እኮ እኔ ነኝ..."

"አንተማ ተጨበጨበልህ" አለችኝና በሯን ዘጋች።

ማክሰኞ

ዛሬ ቀልድ አልመጣልኝም።

ረቡዕ

በሩ ስር ቸኮሌት አስገባሁ፤ ተመልሶ ወጣ። በር ላይ ቆሜ እንደ አውራ ዶሮ ጮህኩ፤ እናቴ ጫማ ወረወረችብኝ። "የተከበሩ እትዬ" አልኩ፤ በሩ አልተከፈተም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሚባለውን ሁሉ አውቃለሁ። ሳይሆንብኝ በፊት ነበር ማወቅ።

ሐሙስ

አዳራሽ ሄጄ ለሁሉም ተናገርኩ። መምህር አይደለሁም፣ ከበሮ አገር አልለቀቀም፣ ክፍሉ የእህቴ ነው፣ የቧንቧውም እንባ የእሷ ነው አልኩ። አሰልጣኟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ወይዘሮ ልጅነትህ አፏን ከፈተች፣ አልጠየቀችም።

አቶ ይገባኛል ቀላ። "ይገባ..." አለና አቆመ። "አይ። አልገባኝም ነበር" አለ። እንደ ሰው ሲናገር ገና ዛሬ መስማቴ ነው።

ወይዘሪት ከዚያስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ አታናግረኝም። ነገ ክፍሏን ይወስዱባታል። እባክሽ ሂጂና አማክሪያት።"

"ሳትጠራኝ? ገና በሰኞው እያፈረች? አልሄድም።" ትንሽ አሰበች። "እኔ ግን አንድ ሳልጠይቅህ የቀረሁት ነገር ነበር። ጥንዶቹ ሲቀየሩ ቀረ። ከበሮ ያልደበደበበት ቀን አለ?"

ሐሙስ፣ አመሻሽ

በሩ ላይ ቆሜ፣ "እትዬ፣ ይቅርታ የምልሽ ብዙ ነው፤ እሱ ይቆየን። አንድ ጥያቄ ብቻ። ለአዳራሽ አይደለም፤ መምህር መጫወቱን ትቻለሁ። ያልደበደበበት ቀን አለ?"

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ወንበር አምጥቼ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀልድ መጣልኝ፤ ሦስቱንም ዋጥኳቸው። አንደኛው በጣም ጥሩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ በችኮላ

የጥርስ ቡርሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች በሩን በረገደችው።

"ዝናብ የገባ ቀን!"

"ምኑ?"

"አልደበደበም! ያለፈው ሳምንት፣ በበሩ ስር ጎርፍ ገብቶብን... በር ዳር ያሉትን ወደ ኋላ አጨናንቄ አስቀመጥኩና ንባቡን ከ..." ቡርሹ ከአፏ ወጣ። "ከመስኮት በኩል ጀመርኩ።"

"እና?"

"አነበበ።"

"ማን?"

"ከበሮ። የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ሁልጊዜ እኮ እሱ ጋ ሳልደርስ ይደወላል! በነጋታው ደግሞ እንደገና ከበር እጀምራለሁ።" ደፍ ላይ ቁጭ አለች፣ የጥርስ ሳሙና አገጯ ላይ እንዳለ። "ጣቱን መጽሐፉ ላይ አድርጎ እየጠበቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንድም ቀን ደርሼለት አላውቅም።"

"ከዚያስ?" አልኩ።

"ከዚያማ አረፍድልሃለሁ፣ ከፊቴ ዞር በል!" ብላ ቦርሳዋን መንትፋ ሮጠች።

ቀኑን ሙሉ ጥፍሬን ስበላ ዋልኩ። እናቴ ሁለቴ "ምሳህ ሌላ አለልህ" አለችኝ።

ዓርብ፣ አመሻሽ

ስትገባ ጫማዋን ኮሪደር ላይ ወርውራ፣ "አንተ ቀጣፊ፣ ና ውጣ!" አለች። ስድብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንደነገረችኝ ዳይሬክተሩና ሱፐርቫይዘሩ ከክፍሉ ኋላ ቆሙ። ንባቡን ከመስኮት ጀመረች። ከበሮ ተነሳ። ያነባል ሲባል እንደ ውሃ መስሎኝ ነበር፤ የለም፣ እየተደናቀፈ ነው፣ ግን ጮክ ብሎ። አንቀጹን ጨረሰ፤ የሚቀጥለው ልጅ ሊነሳ ሲል እሱ የዚያንም ልጅ አንቀጽ ቀጠለ። ደወል ተደወለ፤ አልቆመም። ሱፐርቫይዘሩ በር ይዞ፣ ገጹን እስኪጨርስ ጠበቀው። አንድም ዴስክ አልተደበደበም።

ዳይሬክተሩ፣ "ምን አደረግሽ?" አላት።

"ከመስኮት ጀመርኩ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ይህማ አልበቃውም። "የተቀናጀ የአሠራር ማሻሻያ ተደርጓል" ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ከእሷ ጋር ይቆያል፣ ከበሮም ይቆያል፣ መጋዘኑም ዝምታውን ይዞ ይቆያል።

"የቧንቧውን ነገር ገና አልተውኩልህም" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ለዓመት አስታውስሃለሁ።"

"አስታውሽኝ፤ ይገባኛል።"

ማንኪያ ወረወረችብኝ፤ ሳተችኝ። ሆን ብላ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ

ሥልጠናው ተዘጋ። ሁሉም የምስክር ወረቀት ተቀበለ። አሰልጣኟ በንግግሯ ምክክር ምን እንደሆነ በብዙ ቃል አስረዳች። አቶ ይገባኛል ግን ምስክር ወረቀቱን ሳይዝ ወደ እትዬ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋታል አሉ፤ ምንም ምክር ሳይሰጣት ተመለሰ አሉ። እኔ የመጨረሻዎቹን ወንበሮች ጫንኩ። ወይዘሪት ከዚያስ ያንን የሚጮኸውን ወንበር ይዛልኝ ወጣችና፣ "እህትህን ማን አማከራት?" አለችኝ። "ማንም። እኔ መልስ ስለሚያስፈልገኝ ብቻ ነው የምጠይቃት የነበረው" አልኳት። ለምን እንደሳቀች አልነገረችኝም።

ማታ እትዬ ሌላ ጣጣ ይዛ መጣች። ከመስኮት በኩል ስትጀምር ደግሞ በር ዳር ያለች አንዲት ልጅ ዴስክ መታ መታ ማድረግ ጀምራለች። እኔ ለምክር አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"አትምከረኝ! ቁጭ በልና ጠይቀኝ።"

ቁጭ አልኩ። ጠየቅኋት። ጎመኑ ሳይከተፍ ቀረ፣ እናቴ ተነስታ ራሷ ከተፈችው። በመጨረሻ እትዬ ራሷ ደረሰችበት፦ ከበርም አይደለም፣ ከመስኮትም አይደለም፣ ትናንት ደወል ካቆማቸው ዴስክ ይቀጥላሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ቀለም የጨረስኩበት፣ ዳይሬክተር፣ ሱፐርቫይዘርና አንድ አዳራሽ ባለሙያ ያንቀሳቀሰው ጉዳይ ሲጨመቅ ይህን ታክላለች፦ አንዲት መምህርት ንባብ የምትጀምርበትን ዴስክ ቀየረች። ትንሽ ነገር ናት። መጽሐፍ የምታስጽፍ አልነበረችም።